ጉንፋንና ቀብር፦ ከኅዳር በሽታ እስከ ኮሮና



 እኛ ትምህርታችን ከ6ኛ ክፍል ያላለፈ፣ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የጨረስን ጡረተኛ ነን። ሐኪም አይደለንም። ነገር ግን የዕድራችንን የቀሪዎች መዝገብ ብዙ ዓመት የያዝን በመሆናችን፣ ስለ ጉንፋንና ስለ ቀብር የምንለው አለን። እስከ መጨረሻው ታገሡን።

እንደሚታወቀው በደንባችን መሠረት ከቀብር የቀረ አባል ይቀጣል። የቀረውን ሰው ስም በቀይ እስክሪብቶ የምንጽፈው እኛ ነበርን። «ያለ በቂ ምክንያት» ይላል ደንቡ። ታዲያ ጉንፋን በቂ ምክንያት ነው ወይስ አይደለም? ይህን ማንም ጠይቆ አያውቅም ነበር። ጉንፋን ምን በሽታ ነው፣ ይባል ነበርና።

አሁን ወደ ኋላ እንመለስ። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር በአገራችን ላይ ታላቅ መቅሠፍት ወረደ። ያኔ ዙፋኑ የንግሥት ዘውዲቱ፣ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ፣ የጎጃም ገዥ ደግሞ ራስ ኃይሉ ነበሩ። የአውሮፓው ታላቅ ጦርነት ኅዳር 2 ቀን አበቃ፤ ዓለም ዕፎይ ሲል በሽታው ግን አላበቃም። ፈረንጆች «የእስፓኝ ጉንፋን» አሉት፤ የእኛ ሰው «የኅዳር በሽታ» አለው። በዓለም ላይ ከ3 ሰው 1ዱን ያህል እንደ ያዘና 50 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ጨረሰ ይገመታል። በአዲስ አበባ ብቻ የሞተው ሰው ወደ 10 ሺህ ይጠጋል ተብሎ ተገምቷል። ራስ ተፈሪ ራሳቸው በጠና ታመው ነው የተረፉት። በከተማው የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ መቃብር የሚቆፍር ሰው ጠፍቶ ሬሳ ሳይቀበር የዋለበት ቀን ነበር። ኅዳር 12 የቅዱስ ሚካኤል ዕለት ቆሻሻ እየሰበሰቡ ማቃጠልና ሰፈሩን ማጠን ልማድ ሆኖ የቀረው ከዚያ ወዲህ ነው፤ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ይኸው ነው።

በሽታው በምን መጣ? በሰው ትንፋሽ መጣ። ሰው በሄደበት ሁሉ እሱም ይሄዳል። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ባቡር ሳይኖር ከባሕር ጠረፍ ወደ መሐል አገር በቅሎና ግመል ብዙ ሳምንት ይፈጅ ነበር። የታመመ ሰው ወይ መንገድ ላይ ይሞታል፣ ወይ ድኖ ይደርሳል። ባቡር ግን ሰውየውን ከነሳሉ በጥቂት ቀን ያደርሰዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው የነጋዴ፣ የወታደርና የገበያ ሥራ ነው። ቡሬም ከጥንት ጀምሮ ዓባይን ተሻግሮ የሚመጣና የሚሄድ ነጋዴ የሚገናኝባት የገበያ አገር ናት።

አያታችን በዚያ ዘመን ልጅ ነበሩ። «ጠዋት ቀባሪ፣ ማታ ተቀባሪ» እያሉ ይነግሩን ነበር። ሰው ዘመዱን ለመቅበር ይሄዳል፣ ሬሳ ያጥባል፣ ይገንዛል፣ ያለቅሳል፣ ይሳሳማል፤ በ2ኛው ቀን እሱም ይተኛል። እኛም ልጅ ሆነን ተረት ይመስለን ነበር። ዛሬ ሳይንሱ ሲነገረን ግን አያታችን ልክ ነበሩ። የኢንፍሉዌንዛ ጉንፋን ሰው ላይ ከገባ ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ይታያል፤ ከዚያም በላይ ሰውየው መታመሙን ሳያውቅ አንድ ቀን አስቀድሞ ለሌላው ያስተላልፋል። ያን ጊዜ ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው ከ15 ዓመት በኋላ፣ በፈረንጆች 1933 ነው። ጢሱ ቫይረስ አይገድልም፤ እንዲያውም የሚያስለውን ሰው ጉሮሮ ያብስበታል። ቆሻሻ ማጽዳቱ ግን ደግ ነገር ነው።

እንግዲህ ከ101 ዓመት በኋላ ሌላ መጣ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በዚያው ወር ማለቂያ ላይ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ ቲሊሊና አዲስ ቅዳም ለ14 ቀን እንቅስቃሴ ተከለከለባቸው። ቲሊሊ ማለት ከቡሬ ወደ እንጅባራ ስንሄድ የምናልፍባት ጎረቤታችን ናት፤ በዚያን ጊዜ ፍኖተ ሰላምም ቡሬም ልባችን ራደ። መጋቢት 30 ቀን ደግሞ ለመላው አገር የ5 ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር እንንገራችሁ። ዓለም በሩን ሲዘጋ፣ አፉን ሲሸፍን፣ እጁን ሲታጠብ የተለመደው ኢንፍሉዌንዛ ከብዙ አገር ጠፋ ማለት ይቻላል። ከኢንፍሉዌንዛ ዘሮች አንዱ፣ ያማጋታ የሚባለው፣ ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወዲህ በዓለም ላይ በእርግጠኝነት አልታየም፤ ከክትባቱም ውስጥ እንዲወጣ ተደርጓል። ኮሮናን ለመከላከል የተደረገው ጥንቃቄ ጉንፋኑን አብሮ መታው ማለት ነው።

ታዲያ ሁሉም ጉንፋን ጠፋ? የለም። ራይኖቫይረስ የሚባለው፣ አፍንጫ የሚያፈስሰው ተራ ጉንፋን፣ በዚያ ሁሉ መሐል ከሰው ሰው መዞሩን አልተወም። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኢንፍሉዌንዛና ኮሮና ላያቸው በስብ ሽፋን የተጠቀለለ ስለሆነ ሳሙናም አልኮልም ሽፋኑን ይበጥሰዋል። ራይኖቫይረስ ይህ ሽፋን የለውም፤ በእጅና በዕቃ ላይ ብዙ ይቆያል፣ አልኮልም እንደዚያኛው አያሸንፈውም። ለእሱ የሚሻለው በውኃና በሳሙና አሽቶ ማጠብ ነው። ደግሞም በአንድ አፍንጫ ውስጥ አንዱ ቫይረስ ቀድሞ ሲገባ የሰውነት ዘበኛ ስለሚነቃ ሁለተኛው መግቢያ ሊያጣ እንደሚችል ተመራማሪዎች ይናገራሉ።

ሌላው ደግሞ የሕፃናትን ሳንባ የሚይዘው አርኤስቪ የሚባለው ነው። እሱ ለጊዜው ጠፍቶ ቆየና እገዳው ሲላላ ያለ ወቅቱ ተመለሰ። በአሜሪካ የክረምት ብርድ ጠብቆ ይመጣ የነበረው በ2013 ዓ.ም. በእነሱ በጋ ገባ። ለምን ቢሉ፣ ቤት ተዘግተው የከረሙ ሕፃናት በሽታውን ስላላዩት ሰውነታቸው አልተለማመደውም። በሽታ እንደ ጎርፍ ነው፤ ይገደባል እንጂ ምንጩ አይደርቅም። ግድቡ ሲነሣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይወርዳል።

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ ወደ ራሳችን ጉዳይ ለመድረስ ነው። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ አንድ አረጋዊ አባላችን አረፉ። ድንኳን አልተጣለም፤ ቀባሪው ጥቂት ሰው ነበር። ልጃቸው «አባቴ 30 ዓመት ሰው ቀብሮ እንደ ባይተዋር ይቀበር?» ብሎ አለቀሰ። እኛም አብረን አለቀስን፣ ግን ተራርቀን። እውነቱን ለመናገር ያ ልጅ እስከ ዛሬ ቅር እንዳለው ነው።

በ2013 ዓ.ም. እገዳው ሲላላ ያንን ቅሬታ ለመካስ ይመስል፣ በጥር ወር በሞት የተለየችን እናት ለቅሶ ላይ ድንኳኑን ጢም አድርገን ሞላነው። ሦስት ቀን ትከሻ ለትከሻ ተቀመጥን፣ ንፍሮ በአንድ ሰፌድ በላን። አንዲት አባላችን በነጠላዋ አፏን ይዛ ታስል ነበር። ጠጋ ብለን «ምነው እኅቴ፣ ቤትሽ ብትተኚ?» አልናት። «አያ፣ ብቀር በቀይ ይጽፉኝ የለም ወይ?» አለችን። መልስ አጣን። መዝገቡ ብብታችን ሥር ነበር።

በሳምንቱ ከቤት ቤት ሳል ተሰማ። እሷ አጠገብ ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ በሁለት ሳምንታቸው አረፉ። በምን እንደ ሞቱ የመረመረ የለም፤ እሷንም አንከስም። ነገር ግን በሽተኛዋን ከአልጋ አንሥቶ ድንኳን ያስገባት ሳሏ አይደለም፤ ቅጣታችን ነው። እኛ ደግሞ እስክሪብቶውን የያዝን ነን። ይህንን ሳንናገር መሞት አልፈለግንም።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናን አስቸኳይ ጊዜ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አበቃ ብሏል። ጉንፋን ግን ዛሬም አለ፤ ሌላ ወረርሽኝም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ለሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ የሚከተለውን እናቀርባለን። አንደኛ፣ የሚያስል፣ የሚያተኩሰው ወይም ጉንፋን የያዘው አባል በሰው ልኮ ካስታወቀ ከቀብርና ከለቅሶ ቢቀር እንዳይቀጣ። ሁለተኛ፣ ሲድን ቤት ድረስ ሄዶ ቢያጽናና እንደ መጣ እንዲቆጠርለት። ሦስተኛ፣ በድንኳኑ በር ውኃና ሳሙና እንዲቀመጥ፣ የድንኳኑም ጎን ነፋስ እንዲያገኝ እንዲገለጥ። አራተኛ፣ ንፍሮው በየሳሕኑ እንዲታደል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት ሳሕንና አንድ በርሜል ነው።

አንዳንዱ «እንዲህ ከሆነ ሁሉም ጉንፋን ያዘኝ እያለ ይቀራል» ይል ይሆናል። እኛ ግን መዝገቡን እናውቀዋለን። የዚህ ሰፈር ሰው ከቀብር የሚቀር ሰው አይደለም። ዕድር የተቋቋመው ሙታንን በክብር ለመቅበር ነው፤ ቀባሪውን ለማስቀበር አይደለም።

እግዚአብሔር ያለፉትን ነፍስ ይማር፣ የቀረነውን በጤና ያቆየን። ቸር ያሰንብተን።