የእንባው በር

ተማሪ እያለን የጂኦግራፊ መምህራችን ካርታውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው፣ በእንጨት እየጠቆሙ «ባብ ኤል መንደብ፤ ቀይ ባሕርን ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ጋር ያገናኛል» ይሉን ነበር። ለፈተና ሸመደድነው፤ ከፈተና በኋላ ረሳነው። የስሙን ትርጉም ግን ማንም አልነገረንም። በዐረብኛ «የልቅሶ በር» ማለት ነው። የእንባ በር የሚሉትም አሉ። እኔ ይህን ያወቅሁት በ2024 የጀልባ አደጋ ዜና በተደጋጋሚ ሳነብ ነው። (ዓመቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አንብቡልኝ።)

እስቲ መጀመሪያ በሩን እንየው። በወዲህ ጅቡቲ፣ በወዲያ የመን ነው። በጠባቡ ቦታ በመካከላቸው ያለው ርቀት 26 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። መሐል ላይ ፔሪም የምትባል ደሴት ተቀምጣ በሩን ለሁለት ትከፍለዋለች። ነፋሱ በሁለቱ ዳርቻዎች መካከል ሲገባ ይጠብና ይበረታል፤ በክረምትና በበጋም አቅጣጫውን ይቀያይራል። ነፋሱ በአንድ በኩል፣ የውሃው ጅረት በሌላ በኩል ሲመጣ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። ትልቅ መርከብ ሰንጥቆት ያልፋል፤ ትንሽ ጀልባ ግን ውሃ ይሞላባታል።

ይህ አዲስ እውቀት አይደለም። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው፣ ስለ አዱሊስና ስለ አክሱም የሚያወራው የግሪክኛ የንግድ ጉዞ መጽሐፍ ይህችን ደሴት ያነሣል። በዙሪያዋ ያለውን ኃይለኛ ጅረትና ከተራሮቹ የሚወርደውን ነፋስም ለነጋዴዎች ይናገራል። በዛሬ ቋንቋ የደህንነት ማስጠንቀቂያ ነው። በ525 ገደማ ንጉሥ ካሌብ ወደ የመን ሲዘምትም የናግራን ሰማዕታት ታሪክ እንደሚተርከው የሂምያሩ ንጉሥ የአክሱምን መርከቦች ለማገድ በዚሁ ጠባብ በር ላይ ሰንሰለት ዘርግቶ ነበር። እውነትም ይሁን አፈ ታሪክ፣ በሩ ምን ያህል ይፈራ እንደነበር ያሳያል።

ከዚያ እንግሊዞች መጡ። በ1857 ፔሪምን ያዙ፤ በ1861 የመርከብ መብራት ተከሉባት። በ1869 የስዊዝ ቦይ ሲከፈት በሩ የዓለም ንግድ መተላለፊያ ሆነ። በኋላም እንደ ቀለበት መንገድ ለሚሄደውና ለሚመጣው መርከብ የየራሱ መስመር ተለየለት። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ መርከቦች በሚሳይል ሲመቱ ደግሞ ትልልቆቹ ኩባንያዎች አፍሪካን ዞሩ፤ የአውሮፓ የጦር መርከቦችም ለአጀባ መጡ። የጭነት ዕቃ የሚያስብለት ሞልቷል።

አሁን ደግሞ በዚያው በ2024 በዚያው በር አካባቢ የሆነውን ተመልከቱ። በሚያዝያ መጀመሪያ ከየመን ወደ ጅቡቲ የምትመለስ ጀልባ ጎዶሪያ አጠገብ ተገለበጠች፤ 38 ሰዎች ሞቱ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ እዚያው አካባቢ 77 ሰው የጫነች ሌላ ጀልባ ሰጠመች። በነሐሴ ወር 25 ኢትዮጵያውያንን ይዛ ከጅቡቲ የተነሣች ጀልባ የየመን ዳርቻ፣ ዱባብ ወረዳ ላይ ተገለበጠች፤ ሬሳቸው የተገኘው 13 ነበሩ። በመስከረም መጨረሻ 310 ሰዎችን ከየመን የጫኑ ሁለት ጀልባዎች ጅቡቲ ዳርቻ ሲደርሱ ተሳፋሪዎቹን ባሕር ላይ አስወረዷቸው። ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የጠፉትም ብዙ ናቸው።

ልብ በሉ፣ ብዙዎቹ እየሄዱ አልነበረም። ወደ ቤታቸው እየተመለሱ ነበር።

ሐዘን ስንቀመጥ «ባሕር በላው» እንላለን። እኔ ይህ አባባል ደላላውን ነጻ የሚያወጣ ይመስለኛል። ነፋሱ በሚበረታባቸው ወራት ከጅቡቲ የሚነሡት ጀልባዎች ቁጥር ይቀንሳል። ስለዚህ ደላላው ነፋሱን በደንብ ያውቀዋል! ጀልባ ከልኳ በላይ ስትጫን ጠርዟ ወደ ውሃው እንደሚወርድ፣ ሰው በድንጋጤ ተነሥቶ በአንድ ወገን ሲያዘነብል እንደምትገለበጥም ያውቃል። ላይፍ ጃኬት ቦታ ይይዛል፤ በዚያ ቦታ ሌላ ከፋይ ይቀመጥበታል። ባሕር አይቶ የማያውቅን ልጅ «ደርሰናል፣ ዝለል» የሚለውም ማዕበሉ አይደለም።

በሩ ለሁለት ሺህ ዓመታት ሲጠና፣ ሲታጠርና መብራት ሲተከልለት ኖሯል። ጥንቃቄው ያልደረሰው ለእኛው ልጆች ነው። ስለዚህ በሰፈራችሁ «በጅቡቲ በኩል ልወጣ ነው» የሚል ጓደኛ ካላችሁ ምክርና ቁጣ ብቻ አትስጡት። ያንን ሰምቶታል። ጀልባዋ ስንት ሰው እንደምትጭን፣ ላይፍ ጃኬት እንዳለ፣ ከዳርቻው ምን ያህል ርቀት ላይ እንደሚያወርዱት ደላላውን ይጠይቀው። መልስ ካጣ፣ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ቤተሰቦቹም ይህን ይስሙ።