«ኒፖቴ»፦ ከቤት ወደ ቤተ መንግሥት የገባ ቃል

ጣልያኖች አባታቸውን ሲያቆላምጡ «ፓፓ» ይላሉ፤ ቶስካናዎች ደግሞ «ባቦ»። የመጀመሪያውን፣ መነሻው ላይ ጫን ብለው ሲጠሩት የሮማው ጳጳስ ማለት ይሆናል። (የእኛም «ጳጳስ» ምንጩ ያው የግሪኮች የአባት ቁልምጫ ነው።)

ፖለቲካ ውስጥ የገባው ግን ሌላ የቤተሰብ ቃል ነው። አማርኛ የልጅ ልጅንና የወንድም ወይም የእህት ልጅን ይለያል። ጣልያንኛ ሁሉንም «ኒፖቴ» ይላቸዋል። ማግባት ለማይፈቀድለት ፓፓ ይህ ምቹ ቃል ነበር፤ ብዙ ይሸፍናል።

ጳውሎስ 3ኛ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1534 ተመረጡ። በታኅሣሥ የ14 ዓመቱን አሌሳንድሮ ፋርኔዜን ካርዲናል አደረጉት። የገዛ ልጃቸው ልጅ ነው! አብሮት የተሾመው የ16 ዓመቱ ጉይዶ አስካኒዮ ስፎርዛም የሴት ልጃቸው ልጅ ነበር። ነገሩ የአንድ ሰው ድፍረት ሆኖ አልቀረም፤ «ካርዲናል ኒፖቴ» የታወቀ ሹመት ሆነ። ኡርባን 8ኛ በተራቸው ወንድማቸውንና ሁለት የወንድማቸውን ልጆች ካርዲናል አደረጉ። በ1667 ግሬጎሪዮ ሌቲ «የሮማ ኒፖቲዝሞ» የሚል መጽሐፍ አወጣ። ዛሬ በዘመድ መሾምን «ኔፖቲዝም» የምንለው ከዚሁ ከ«ኒፖቴ» ነው።

በ1692 ኢኖሰንት 12ኛ ፓፓዎች ለዘመዶቻቸው ርስት፣ ሹመትና ገቢ እንዳይሰጡ በአዋጅ ከለከሉ። ያም ሆኖ አንድ ቀዳዳ ተተወ፦ የሚገባው ሆኖ ከተገኘ አንድ ዘመድ ካርዲናል መሆን ይችላል። የሚገባው መሆኑን የሚወስኑት ደግሞ ራሳቸው ፓፓው ናቸው።