የአዋሽ ሸለቆ እርሻና አራዊት

እህል አጥፊ አራዊት ሲነሡ ብዙዎቻችን አስቀድመን የምናስበው ወጥመድንና ጠመንጃን ነው። ታሪክን ስንመረምር ግን አውሬው ለገበሬ ጠላት የሚሆንበት ጊዜና ምክንያት እንዳለው እንረዳለን።

ከ1881 ዓ.ም. ጀምሮ በወረደው ክፉ ቀን አስቀድሞ ያለቀው ከብቱ ነበር። በሬው በደስታ በሽታ ሲያልቅ መሬቱ ጦም አደረ፤ በተዘራው ጥቂት አዝመራም ላይ አንበጣ፣ ተምችና አይጥ ሰፈሩበት። ጅብና አንበሳም የተራበውን ሰው እስከ መድፈር ደረሱ።

አሁን ወደ አዋሽ ሸለቆ እንመለስ። አዳይቱ ከአዋሽ ወደ ሰመራ በሚወስደው ጎዳና፣ በገዋኔና በሚሌ መካከል ትገኛለች። በዚህ አገር አፋሩ በበጋ ከብቱን ወደ ወንዙ ዳር ያወርዳል፤ ዝናብ ሲጥል ወደ ሜዳው ይመለሳል። ከርከሮም በዚያው ሣር ላይ ይኖር ነበር። ሥጋውን እስላሙም ክርስቲያኑም ስለማይበሉት፣ ለምግብ ብሎ የሚያድነው ጎረቤት አልነበረውም ማለት ይቻላል።

በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ የጥጥ እርሻም የወንዙን ዳር ግጦሽ እየያዘ ሄደ። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1963 በጁልየን ሃክስሊ የተመራው የዩኔስኮ ልዑክ የዱር አራዊታችንን ሁኔታ ተመለከተ፤ በ1966 ደግሞ የአዋሽ ፓርክ ተመሠረተ። እንግዲህ አንድ መንግሥት በአንድ ወንዝ ላይ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ እርሻንም የአራዊት መጠጊያንም አበጀ ማለት ነው። የሁለቱን ወሰን ከርከሮና ዝንጀሮ እንዲያውቁት መጠበቅ አይገባም ነበር።

ከዚያ በኋላ ፕሮሶፒስ የሚባለው ባዕድ ዛፍ ለጥላና ለአፈር ጥበቃ ተብሎ ገባ። አፋሮች ከዘመኑ ጋር አያይዘው «ደርጊ ሃራ» ይሉታል። ፍሬው ጣፋጭ በመሆኑ ከብት፣ ግመል፣ ፍየልና ከርከሮ ይመገቡታል፤ ዘሩም ሳይሞት በፋንድያቸው ወጥቶ ይበቅላል። ጥሻው ግጦሹን ከማጥፋቱም በላይ ለጅብ መደበቂያ ሆነ።

ከርከሮን ብቻ በመግደል ይህ ነገር እንደማይገታ ግልጽ ነው፤ ግመሉም ፍየሉም ዘሩን ይዘራሉና። መርዝ መርጨትማ በእኛ አስተያየት ከሁሉ የከፋ ነው። በገዋኔና በሚሌ መካከል ያለው የያንጉዲ ራሳ ፓርክ፣ በዓለም እጅግ ጥቂት የቀረው የዱር አህያ እንዲጠበቅበት የታሰበ ነው፤ መርዝ ደግሞ አህያን ከከርከሮ አይለይም። በአፋር ከተሞከሩት ዘዴዎች ይልቅ የሚሻለው የዛፉን ፍሬ ለቅሞ በወፍጮ መፍጨት ነው። ዘሩ ተሰባብሮ ይሞታል፤ ዱቄቱም ለከብት መኖ ይሆናል።