ፒችትሪ እና ዊንዶውስ 11

ፒችትሪ በመርካቶም ሆነ በክልል ከተሞች ነጋዴዎች ዘንድ በስፋት የታወቀ የሒሳብ መዝገብ ሶፍትዌር ነው። ባለቤቱ ሴጅ ኩባንያ ስሙን ወደ ሴጅ 50 ቢለውጠውም ብዙዎች የሚጠሩት በቀድሞው ነው።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። እንደ ፒችትሪ 2010 ያሉት እትሞች ግን ከዊንዶውስ 11 በፊት የተሠሩ በመሆናቸው በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ ላይጫኑ፣ ቢጫኑም ላይከፈቱ ይችላሉ። እንቅፋት ሊሆን የሚችለው መዝገቡ የሚቀመጥበት ፐርቫሲቭ የተባለው የመረጃ ቋት ነው።

ስለሆነም አሮጌው ኮምፒውተር ከመሸጡ ወይም ፎርማት ከመደረጉ በፊት ባክአፕ በፍላሽ መያዝና በአዲሱ ላይ ከፍቶ ቀሪ ሒሳቡን ማመሳከር ያስፈልጋል። የግብር መሥሪያ ቤት መዝገብ ሲጠይቅ የኮምፒውተር ለውጥ ምክንያት አይሆንም። በአዲስ እትም ተቀይሮ የተከፈተ መዝገብ በአሮጌው ስለማይከፈት፣ የሚቀየረው ቅጂው እንጂ ዋናው መሆን የለበትም።