ዋጃን በኮምፒዩተር ሰማይ ላይ፤ የማስመሰያ በረራ ፋይሎች አደረጃጀት

ኤክስ-ፕሌን በኮምፒዩተር የሚበረርበት ማስመሰያ ፕሮግራም ነው። ምድርን አንድ ዲግሪ በአንድ ዲግሪ በሆኑ ካሬዎች ይከፍላል። ዋጃ፣ ቆቦና አላማጣ ከ12 ዲግሪ ሰሜንና ከ39 ዲግሪ ምሥራቅ በሚጀምረው አንድ ካሬ ውስጥ ይገኛሉ፤ የካሬው ፋይልም የሚጠራው በእነዚሁ ቁጥሮች ነው።

ፕሮግራሙ ከተሞችን የሚሞላው ለብዙ አገር በተሰናዱ ጥቂት ዓይነት ሕንፃዎች ነው። ዋጃ ዋጃን እንድትመስል የሚፈልግ ሰው የቤትና የዛፍ ቅርጾችን፣ በተለምዶ «ኦብጀክት» የሚባሉትን፣ ይጨምራል።

እነዚህ «ከስተም ሲነሪ» በተባለው ማህደር ይቀመጣሉ። ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱ ማህደር ይሰጠው። ኦብጀክት ቀለሙን የያዘውን የሥዕል ፋይል የሚያገኘው በተጻፈለት አድራሻ ስለሆነ፣ ፋይሎቹ ከተበታተኑ ቤቱ ቀለም አልባ ይሆናል።

ቅደም ተከተሉን «ሲነሪ ፓክስ» የተባለው የጽሑፍ ዝርዝር ይወስናል፤ ከላይ የተጻፈው ይቀድማል። አውሮፕላን ማረፊያ ከላይ፣ ቤቶችና ዛፎች ቀጥሎ፣ የመሬቱ ገጽ ከሁሉም በታች ይሁን። የመሬቱ ገጽ ከላይ ከዋለ በዚያ ካሬ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ይሸፍናል።

በመጨረሻም ከሥራው ጋር የመጣው የፈቃድ ጽሑፍ ከማህደሩ አይለይ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለኮምፒዩተር ፕሮግራምም ጥበቃ ይሰጣል። በነፃ የተሰጠ ሥራ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ፋይሎችን ያለ ወግ የሚቀላቅል ሰው መጀመሪያ የሚያጠፋው የሠሪውን ስም ነው፤ ስሙ ከጠፋ ደግሞ ፈቃድ የሚጠየቀው ማን ነው?