«ግርሻ»፤ በጤና ትምህርት ጽሑፍ ስለ አንድ ቃል

በ1945 ዓ.ም. በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ፈጅቷል። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በጎንደር እንዲቋቋም ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው እልቂት ነበር። ኮሌጁ ያሠለጠናቸው የጤና መኰንኖችና ነርሶች ወደ ገጠር ሲሰማሩ የሕክምናው ትምህርት ከሕዝቡ ቃል ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ።

ሕዝቡ ቃል አላጣም፤ ንዳድ፣ ወባ፣ ተስቦ፣ ግርሻ ይላል። ችግሩ የስሞቹ ድንበር ነው። «ንዳድ» ከ«ነደደ» ወጥቶ ትኩሳቱን ይናገራል እንጂ አምጪውን አይናገርም። «ግርሻ» ደግሞ ይብሳል። ለሐኪሙ በቅማል የሚተላለፍ አንድ የታወቀ በሽታ ነው፤ ለበሽተኛው ግን የተሻለው ሕመም፣ ማናቸውም ቢሆን፣ ተመልሶ መነሣቱ ነው።

አምባ ጊዮርጊስ የወገራ ደጋ ነው፤ ብርዱ ለወባ ትንኝ አይመችም። ገበሬው ለአጨዳ ወደ መተማ ቆላ ወርዶ ሲመለስ ግን ወባው አብሮት ይወጣል፤ አንደኛው ዓይነትም በጉበት ተደብቆ ከወራት በኋላ ይነሣል። ያን ጊዜ «አገረሸብኝ» ይላል፤ አማርኛውም ትክክል ነው። «ከግርሻ ለመዳን ልብስዎን ይቀቅሉ» የሚል ማስታወቂያ ቢያነብ ልብሱን ይቀቅላል፤ ወባው ግን ሳይታከም ይቀራል።

አዲስ ቃል መፍጠር ለእኛ ለቋንቋ ሰዎች ይቀናናል፤ እዚህ ግን አያስፈልግም። «የቅማል ግርሻ» ተብሎ ይለይ፤ ጽሑፉም ከማዘዙ በፊት «በዚህ ዓመት ቆላ ወርደው ነበር?» ብሎ ይጠይቅ።