እንዴት ነው የሆነው?

ልቅሶ ቤት ስንገባ «እግዜር ያጥናችሁ» ብለን፣ ትንሽ ዝም ካልን በኋላ የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «እንዴት ነው የሆነው?» ሐዘንተኛው ይናገራል። ሌላ ሰው ይገባል፣ እንደገና ይናገራል። በሦስት ቀን ውስጥ ያንኑ ታሪክ ሃምሳ ጊዜ ያወራዋል። ልጅ እያለሁ ይሄ ነገር ሰውን ማሰቃየት ይመስለኝ ነበር። ለካ መድኃኒቱ እሱ ነው!

ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. ሌ/ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም በያኔው አብዮት አደባባይ፣ በዛሬው መስቀል አደባባይ፣ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶች ሰበሩ። ደርግና ኢሕአፓ ከዚያ በፊትም ይገዳደሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ግድያው የየቀበሌው የዕለት ሥራ ሆነ። የወጣት ሬሳ መንገድ ላይ ተጣለ። የልጃቸውን አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ ወላጆች ነበሩ። ማልቀስና ሐዘን መቀመጥም ተከለከለ።

ይህን ሳስተምር ተማሪዎቼን የሚያስደነግጣቸው ግድያው ነው። እኔን የሚከነክነኝ ግን የልቅሶው መከልከል ነው። ሰውየው ከሞተ በኋላ «እንዴት ነው የሆነው?» የሚል ጠያቂ እንኳ እንዳይኖረው ተደረገ።

የእናቴ ታላቅ ወንድም በ1970 ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም። እናቴ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። እስከ ዛሬ ማታ በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች። የሚገርማችሁ እኔም እደነግጣለሁ። ደርግ ሲወድቅ ገና ዳዴ የምል ሕፃን ነበርኩ፤ እኔን ማን አንኳኳብኝ? ታሪኩ ሳይነገረን ፍርሃቱ ብቻ ወረሰን።

የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. ሲከፈት የኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ። ሄጄ አየሁ። ግድግዳ ሙሉ ፎቶ፣ ከጅምላ መቃብር የወጣ ልብስ። በሚቀጥለው እሁድ ጎረቤት ለቡና በተሰበሰበበት አያቴን «እማማ፣ አጎቴ እንዴት ነው የሆነው?» አልኳት።

ቤቱ ጸጥ አለ። ሲኒዋን እንደያዘች ቆየችና «ጫማዬን ላድርግ ቢላቸው እምቢ አሉት፤ በባዶ እግሩ ወሰዱት» አለች። ከዚያ አላቆመችም። እሷ ስትጨርስ አንዲት ጎረቤታችን «የእኔም ወንድም…» ብለው ጀመሩ። ከዚያ ሌላዋ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አብረው ቡና ሲጠጡ ሁሉም ያውቁ ኖሯል፤ አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን አልነበረም።

እድሩ ድንኳን ተከለ። ንፍሮ ተቀቀለ። ከ32 ዓመት በኋላ ልቅሶ ተቀመጥን። አያቴ ዳነች አልልም፤ ልጅ ነዋ! ግን ፎቶውን ከሳጥን አውጥታ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። እስክታርፍ ድረስም ስሙን እየጠራች አወራችን። ባዶ እግሩን የሄደውን ብቻ ሳይሆን፣ ሲስቅ ጎረቤት የሚሰማውንም ነገረችን።

ዛሬም በየአካባቢው በቅጡ ያልተለቀሰለት ብዙ ሰው አለ። የዚህ ወገን ነው፣ የዚያ ወገን ነው ሳንል ሐዘንተኛውን እንጠይቅ።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ ማርክ የሌለው የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በዚህ ሳምንት ቡና ላይ አንድ ትልቅ ሰው «እንዴት ነው የሆነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ማውራት ሲጀምሩ ስልካችሁን አስቀምጡና ስሙ። ቢደጋግሙትም አታቋርጧቸው።